ምንም ያልታየባቸው ሌሊቶች

የማስታወሻ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ሳቄ መጣ። «አልጠፋም»፣ «አልጠፋም»፣ «ደመና»፣ እንደገና «አልጠፋም»። ለማያውቅ ሰው ተስፋ የቆረጠ ሰው ደብተር ነው የሚመስለው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። የምጠብቀው ነገር አንድ ነው፤ ኮከብ በሌላ የሰማይ አካል ሲጋረድ ማየት።

የጀመርኩት በጨረቃ ነው። ጨረቃ በከዋክብት መሃል ወደ ምሥራቅ ታዘግማለች፤ በሰዓት የራሷን ስፋት ያህል። መንገዷ ላይ ያገኘችውን ኮከብ ሁሉ ትጋርዳለች። ከሙሉ ጨረቃ በፊት ባሉት ምሽቶች የምታስቀድመው ጨለማውን ጎኗን ነው። ስለዚህ ጠርዟን ብዙ ጊዜ አታየውም፤ ኮከቡ ባዶ ሰማይ ላይ ቁጭ ያለ ይመስላል። ዓይንህን ሳትነቅል ትጠብቃለህ። እንባ ያቀርራል። ብጨፍን ያመልጠኛል ብለህ ትፈራለህ። ከዚያ ድርግም! ቀስ ብሎ መደብዘዝ ብሎ ነገር የለም። ጨረቃ ብርሃኑን የሚያደበዝዝ አየር የላትም። ኮከቡም ከርቀቱ የተነሳ ነጥብ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ኮከብ ደግሞ በሁለት ጊዜ ይጠፋል። መጀመሪያ ደብዘዝ ይላል፣ ከዚያ ጭራሽ የለም። ይሄኔ ኮከቡ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዮሐን ቶቢያስ ቡርግ ቪየና ላይ ሆኖ አንታሬስ የተባለው ደማቅ ኮከብ ከጨረቃ ጀርባ ሲወጣ ይከታተል ነበር። መጀመሪያ አንድ ደብዛዛ ኮከብ ብቅ አለ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ደማቁ ተከተለ። አንታሬስ ብቻውን እንዳልሆነ የታወቀው እንዲህ ነው።

አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር ትንሽ ዐለታማ አካል፣ ግን ሌላ ዓለም ነው። አብዛኛውን ጊዜ አስትሮይዱን ራሱን በቴሌስኮፔ አላየውም፤ ብርሃኑ ደካማ ነው። የሚታየው ኮከቡ ነው። አስትሮይዱ ፊቱ ሲያልፍ ጥላው መሬት ላይ ያርፋል፤ የጥላው ስፋት ደግሞ የአስትሮይዱን ያህል ነው። ጥላው በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር እየበረረ ያልፋል። መንገዱ ላይ ከሆንክ ኮከቡ ለጥቂት ሰከንዶች ይጠፋል። ትንሽ ከወጣህ ምንም የለም። «አልጠፋም» ብለህ ትጽፋለህ።

አንድ ሰው ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ተመልካቾች ጥላውን አቋርጠው ተራርቀው ይቆማሉ፤ ኮከቡ ለስንት ሰከንድ እንደጠፋ እያንዳንዳቸው ይመዘግባሉ። እያንዳንዱ ሰው የመዘገበው ጊዜ አንድ መስመር ይሆናል። አጭርና ረጅም እንጨቶችን ጎን ለጎን ብትደረድር ጫፎቻቸው ቅርጽ ይሠራሉ አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። ያልጠፋበት ሰው ደግሞ አስትሮይዱ ከየት እንደማያልፍ ይናገራል። ያለ እሱ ቅርጹ ዳር አይኖረውም።

ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር ልትጎበኘው የነበረው አሮኮት የተባለ ትንሽ የሰማይ አካል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከመሬት ከስድስት ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በደቡብ አፍሪካና በአርጀንቲና ብዙ ቴሌስኮፕ ተተከለለት፤ አንዱም ኮከቡ ሲጠፋ አላየም። ሰው ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ እጁን ገባ። ግን ያ ባዶነት ራሱ፣ ነገሩ ከተገመተው ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። በቀጣዩ ወር እንደገና አርጀንቲና ሞከሩ። ለዚህ ሲባል አውራ ጎዳና ተዘጋ፣ የመንገድ መብራት ጠፋ፣ ነፋሱ ቴሌስኮፑን እንዳያወዛውዝ የጭነት መኪና ተገተረ። (ለእኔ ጎረቤቴ የበረንዳውን መብራት እንኳ አያጠፋልኝም።) ከሃያ በላይ ቴሌስኮፖች ውስጥ አምስቱ ቀናቸው። ከአምስት መስመር ብቻ ሁለት ጉብ ጉብ ያለ ቅርጽ ወጣ። መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2019 በአጠገቡ አልፋ ፎቶ ስትልክ፣ እውነትም የተጣበቁ ሁለት አካላት ነበሩ።

ዛሬ መሣሪያው ቀሎልናል። ድሮ ሰው በዓይኑ እያየ የእጅ ሰዓት ይጫን ነበር፤ ጣት ደግሞ ከዓይን ይዘገያል። አሁን ካሜራ ይቀርጻል፣ ጂፒኤስ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ሰዓቱን ይጽፋል። ደመናን ግን ማንም መፍትሔ አላገኘለትም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ኤሪጎኔ የተባለ አስትሮይድ በዓይን የሚታየውን ሬጉለስ የተባለ ኮከብ ሊጋርድ ነበር። ጥላው የሚያልፈው ሚሊዮኖች በሚኖሩበት በኒው ዮርክ ላይ ነው። ሰማዩ በደመና ተዘጋ። አለቀ።

የእኔ ልማድ ካሜራውን ከተባለው ሰዓት ቀደም ብሎ መክፈትና ዘግይቶ መዝጋት ነው። ይህን የተማርኩት ከዩራነስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1977 ተመራማሪዎች በአውሮፕላን ላይ በተገጠመ ቴሌስኮፕ ዩራነስ ኮከብ ሲጋርድ ሊቀርጹ ወጡ። ቀድመው ስለጀመሩ፣ ፕላኔቷ ሳትደርስ ኮከቡ ደጋግሞ ብልጭ ድርግም ሲል ያዙት። ካለፈች በኋላም እንዲሁ ሆነ። ዩራነስ ቀለበት ነበራት! እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ካሪክሎ የተባለች፣ ስፋቷ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ አካል እንኳ ቀለበት እንዳላት በዚሁ መንገድ ታወቀ። ስለዚህ ባትሪው ቢያልቅም ይለቅ፣ ካሜራው ይሠራል።