አፕሉን ያቆየው ብርድ ሙዙን ገደለው

ቦሌ አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የፍራፍሬ ክፍል ሠራተኛ ሳለሁ የገጠመኝ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። በጾም ፍራፍሬ በጣም ይፈለጋል።

ሐሙስ ማታ አራት ኩንታል ሙዝ ገባልን። ጥሬውን ከአርባ ምንጭ መጥቶ አዲስ አበባ ማብሰያ ቤት የሰነበተ፣ ገና ቢጫ መሆን የጀመረ ሙዝ ነው። እኔ ደግሞ እስከ እሑድ እንዲቆይልኝ ፈለግኩ። ኮልድ ሩሙን ስከፍተው የደቡብ አፍሪካው አፕል በካርቶን ተደርድሯል። ከገባ ስድስት ሳምንት አልፎታል፣ ሲነክሱት ግን አሁንም ቀጭ ይላል። አፕልን ይህን ያህል ያቆየ ብርድ ሙዝን ሁለት ሌሊት አያቆይም? ማንንም ሳልጠይቅ ሙዙን በሙሉ አስገባሁት። መለኪያው 2 ዲግሪ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሳወጣው ክው አልኩ። ቢጫው ጠፍቶ ልጣጩ አመድ መስሏል። አንዱን ላጥ አድርጌ ሳየው ከልጣጩ ሥር ቡናማ ክር ክር ነገር ወጥቶበታል። ውስጡ ደረቅ ነው፣ ጣዕምም የለውም። ሲሞቀው ይመለስ ይሆናል ብዬ ውጭ አቆየሁት። ከሰዓት በኋላ ይብስ ጠቆረ እንጂ አልበሰለም።

መጋዘን የሚሠሩት ጋሼ መጥተው አዩት። ሃያ ዓመት አትክልት ተራ የሠሩ ሰው ናቸው። አልተቆጡኝም።

«የኔ ልጅ፣ ሙዝ እኮ የቆላ ልጅ ነው» አሉኝ። «13፣ 14 ዲግሪ ይበቃዋል። ከዚያ በታች ካወረድከው ይሞታል። የሞተ ሙዝ ደግሞ አይበስልም።»

ከዚያ ወደ አፕሉ ወሰዱኝና አንድ ካርቶን ከፈቱ። በየቀኑ የማነሳው ካርቶን ነው፣ እንደዚያ ቀን ግን አይቼው አላውቅም። 18 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ጎኑ ላይ 110 የሚል ቁጥር አለ፤ ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ብዛት ነው። እያንዳንዱ ፍሬ በመጠን ተለይቶ፣ ለራሱ በተሠራ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተቀምጧል። አንዱ ሌላውን አይጫነውም።

ፍሬ ከተለቀመም በኋላ ይተነፍሳል። አፕል ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዓመት አንዴ፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይለቀማል። ከዚያ ኦክስጅኑ በተቀነሰበት ቀዝቃዛ ክፍል ይዘጋበታል፤ ትንፋሹ ይቀንሳል፣ እርጅናውም ይዘገያል። ለዚህ ነው ከተማችን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አፕል የማይጠፋው። ኅዳር ላይ የምንበላው የደቡብ አፍሪካ አፕል ከተለቀመ ወራት ያለፉት ነው። በመርከብም በመኪናም ሲመጣ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ ይጠበቃል።

የእኛ ሙዝ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ግን አይሱዙ ላይ በቅጠል ተነጥፎለት ይከመራል፣ ሰው ይቀመጥበታል፣ ሲወርድም ይወረወራል። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሳይጫጫር ደርሶ፣ ከጓዳችን የመጣው ቆስሎ ይደርሳል።

ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ደንበኛው የሚፈርደው በፍሬው ነው። አንድ ጊዜ የጨንቻ አፕል አስገብተን ነበር። አንዲት እናት የታመመ ሰው ሊጠይቁ ሲሄዱ አራት ፍሬ መርጠው ከረጢት ውስጥ ከተቱ። «የውጭ ነው አይደል?» አሉኝ። «የጨንቻ ነው እማማ፣ የጋሞ ደጋ» አልኳቸው። አንድ በአንድ መልሰው አስቀመጡና ተለጣፊ ያለበትን ወሰዱ። ያኛው ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነበር። አልፈረድኩባቸውም፤ ለታማሚ የሚያምረውን መውሰድ ወግ ነው። የጨንቻው ትንሹም ትልቁም ተደባልቆ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ የመጣ ነበር። ጣዕሙን ግን እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ምንም አይወጣለትም።

ያን ሰሞን ከጋሼ ጋር ሆነን ለባለቤቱ አንድ ሐሳብ አቀረብን። ኋላ ያለችውን ትንሽ ክፍል አጽድተን ለሙዝ ብቻ አደረግናት፤ 14 ዲግሪ ላይ ትቆማለች። አፕል እዚያ አይገባም። አፕል ከራሱ በሚወጣው ጋዝ ጎረቤቱን ያበስላል። ጋሼ ድንጋይ የሆነ አቮካዶ ሲገጥማቸው አንድ አፕል ጨምረው በወረቀት የሚጠቀልሉት ለዚህ ነው።

የቀረን መንገዱ ነው። ሙዙን የሚያመጣልንን ሾፌር በፕላስቲክ ሳጥን እንዲጭንልን ለመንነው። «ሳጥን ቦታ ይበላል፣ ብዙ ኩንታል ይቀርብኛል፣ ልዩነቱን ማን ይከፍለኛል?» አለ። እውነቱን ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ኪሳራውን ተካፍለን በየጭነቱ 20 ሳጥን ሊያመጣ ተስማማ። ሌላው አሁንም ቅጠል ላይ ተከምሮ ነው የሚመጣው።