ጉሮሮ የሚያቃጥለው የኻኤን ዘይት
ከግራናዳ ኻኤን አውራጃ ውስጥ ወዳለችው ኡቤዳ ከተማ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። የመንገዱን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው፤ ወይራ ነው። ኮረብታው ወይራ፣ ሸለቆው ወይራ፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ በመስመር የቆመ ወይራ። በደቡብ ስፔን ያለው የኻኤን አውራጃ ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ አለው። ስፔን ውስጥ በወይራ ዘይት ምርት የሚስተካከለው የለም።

የሄድኩበት ጉዳይ አንድ ነው። ለዓመታት የወይራ ዘይት ጠርሙስ ላይ «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚል የከፍተኛ ደረጃ ጽሑፍ እያየሁ ወፈር ያለ ዋጋ ከፍያለሁ። ጥሩውን ከመጥፎው በምን እንደምለይ ግን አላውቅም ነበር። ስለዚህ የሚጨምቁት ሰዎች ዘንድ ሄጄ ልቅመስ አልኩ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት አስመረረችኝ። ያረፍኩበት ቤት ማሞቂያው አይሠራም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጃኬቴን ለብሼ፣ ፎጣውን በብርድ ልብሱ ላይ ደርቤ ተኛሁ። ጠዋት ሒሳብ ስጠይቅ «ማሞቂያ» ተብሎ 6 ዩሮ ተጨምሮበታል። አልሠራም ብዬ ብከራከር የሚሰማኝ አጣሁ። ከፈልኩ። እስካሁንም ያንገበግበኛል።

ቁርሱን ግን ወደድኩት። የተጠበሰ ዳቦ፣ የተፈጨ ቲማቲምና የወይራ ዘይት። ዘይቱ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ፣ ነጭ ጠርሙስ ውስጥ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ ተቀምጧል። ለስላሳ ነው፤ አይመርም፣ አያቃጥልም። ቤቴ የለመድኩት ጣዕም ነው። ዳቦዬ ላይ ደግሜ አፈሰስኩበት።

ባኤዛ አጠገብ ወዳለው መጭመቂያ ሊወስደኝ የተስማማው ታክሲ ቀረ። መንገድ ዳር ቆሜ ስልክ ስነካካ አንዲት ትልቅ ሴት መኪናቸውን አቆሙልኝ። ከኋላ እስከ ጣሪያው ድረስ የወይራ ፍሬ በሳጥን ተጭኗል። በወጣትነታቸው ለንደን ሆቴል ውስጥ ሠርተዋል፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ስፓኒሽ በብዙ ይሻላል። «ግባ ልጄ፣ እኔም እዚያው ነኝ» አሉኝ።

ሲነዱ ይቸኩላሉ። ምነው ብላቸው በእጃቸው ወደ ኋላ አመለከቱኝ። ዛሬ የተለቀመ ዛሬ መጨመቅ አለበት። ፍሬው ተከምሮ ካደረ ከሥር ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል። ያ ሽታ አንዴ ዘይቱ ውስጥ ከገባ አይወጣም። አንድ ፍሬ አንስተው ሰጡኝ። ገና አረንጓዴ ነው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ወይን ጠጅ ቀለም ጀምሮታል። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ከዚሁ ፍሬ የበለጠ ዘይት ይወጣ ነበር። እሳቸው ግን መጠኑን ትተው ጥራቱን መርጠዋል። የነዳጅ ልስጥዎ ብላቸው ተቆጡኝ።

መጭመቂያው ውስጥ ብዙ አልቆየሁም። ፍሬው ይታጠባል፣ ከነዘሩ ይደቃል፣ ሊጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ይታሻል፣ ከዚያ የሚሽከረከር ማሽን ዘይቱን ይለየዋል። ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠብቃሉ። ቢያሞቁት የሚወጣው ይበዛል፤ መዓዛው ግን ይጠፋል።

ልቤ የቀረው ቅምሻው ላይ ነው። ቀማሿ ወጣት ሴት ናት። ሰማያዊ ብርጭቆ ሰጠችኝ። ሰማያዊ የሆነው ቀለሙ እንዳያታልለን ነው፤ ዘይት አረንጓዴ ስለሆነ አይበልጥም፣ ቢጫ ስለሆነም አያንስም። ብርጭቆውን በአንድ እጄ መዳፍ አቅፌ በሌላው ከደንኩት። ለብ ሲል ገለጥኩና አሸተትኩ። የታጨደ ሣር። ከዚያ ቲማቲም ስትለቅም እጅህ ላይ የሚቀረው የቅጠሉ ሽታ። ዝርያው ፒኩዋል ይባላል፤ የኻኤን ወይራ አብዛኛው እሱ ነው።

ተጎነጨሁ። በጥርሴ መሃል አየር ሳብኩበት። ምላሴን እንደ ኮሶ መረረኝ። ዋጥኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብትቆጥር ነው፤ ጉሮሮዬ ተቃጠለ። ሁለት ጊዜ ሳልኩ።

ተበላሽቷል ማለት ነው? ብዬ ጠየቅኳት። አይደለም፤ እንዲያውም የምትኮራበት እሱ ነው አለችኝ። ምሬቱም ማቃጠሉም የሚመጣው ፖሊፌኖል ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ነው። አንቲኦክሲዳንት የምንላቸው እነዚህ ናቸው። አየርና ብርሃን ዘይቱን ሊያበላሹት ሲመጡ ቀድመው የሚጋፈጡት እነሱ ናቸው። እነሱ እስካሉ ስቡ ይቆያል። ጉሮሮን ለይቶ የሚያቃጥለው ኦሌኦካንታል ይባላል። ጋሪ ቦሻምፕ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሲሲሊ ላይ ትኩስ ዘይት ሲቀምስ፣ ስሜቱ አይቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በፈሳሽ መልክ ሲዋጥ ከሚሰማው ጋር አንድ ሆኖበት ነው ነገሩን የተከታተለው። በ2005 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ግኝቱን አሳተመ።

ቀጥላ ሁለተኛ ብርጭቆ ሰጠችኝ። ሳሸተው አወቅኩት። የከረመ ለውዝ፣ የሰም እርሳስ ሽታ። የጠዋቱ ቁርሴ ነው! ለስላሳ ብዬ ያሞገስኩት ዘይት ለስላሳ የሆነው ጠባቂዎቹ አልቀውበት ነው። ከማሞቂያው 6 ዩሮ ይልቅ ይሄኛው አናደደኝ፤ ምክንያቱም ቤቴም ስበላ የኖርኩት እሱን ነው።

አሲድነቱስ? አልኳት፤ ሁሌ ጠርሙስ ላይ የማየው እሱን ስለሆነ። ኤክስትራ ቨርጂን ለመባል ከ0.8 በመቶ መብለጥ የለበትም። ግን ይሄ አሲድ በምላስ አይታወቅም። የሚናገረው ፍሬው በደህና ተይዞ እንደነበር ነው፤ ስንት አንቲኦክሲዳንት እንዳለው አይናገርም። ሌላ የላብራቶሪ ምርመራም አለ። ያ ሁሉ አልፎ እንኳ የሠለጠኑ ቀማሾች ቡድን አንድ እንከን ካገኘበት ማዕረጉን ያጣል። ይህ ደስ አለኝ። ማሽኑ ሁሉ ከጨረሰ በኋላ የሰው አፍንጫ ይጠየቃል።

ደግሞ የሚመር ሁሉ ጥሩ፣ የማይመር ሁሉ መጥፎ አይደለም። አርቤኪና የሚባለው ዝርያ ከተፈጥሮው ለዘብ ያለ ነው፤ ሽታው ንጹሕ ከሆነ ምንም እንከን አይወጣለትም። የፖሊፌኖልን ትክክለኛ መጠን ማወቅ የሚፈልግ ላብራቶሪ ይሂድ። የአውሮፓ ኅብረት አምራቾች ስለ ፖሊፌኖል የጤና ጥቅም ጠርሙሱ ላይ እንዲጽፉ የሚፈቅደው፣ በ20 ግራም ዘይት ውስጥ ሃይድሮክሲታይሮሶል ከተባለው ፖሊፌኖልና ከወገኖቹ ቢያንስ 5 ሚሊግራም ሲኖር ነው። ለእኛ ለሸማቾች ቀማሿ የነገረችኝ ቀላል ነው። መቼ ተለቀመ የሚለውን ፈልግ። ጥቁር ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ምረጥ። ከከፈትክ በኋላ አታቆየው።

ግማሽ ሊትር ቆርቆሮ በ14 ዩሮ ገዛሁ። ሴትዮዋ ፍሬያቸው ተጨምቆ እስኪያልቅ ጠብቀው እስከ አውቶቡስ ጣቢያው መለሱኝ።

ቤት ስገባ ሻንጣዬን ሳልፈታ ምድጃው አጠገብ የነበረውን ጠርሙሴን አሸተትኩ። ለውዝ። የተለቀመበት ቀን የትም አልተጻፈም። ደፋሁት። አዲሱን ቆርቆሮ ጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ያስለኝ ነበር። አሁን ሁለተኛ ወሩ ነው፤ የሚያስለኝ አንዴ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ሩብ ያህል ቀርቷል።