የግራ እጅጌ

እሑድ ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። ካውያውን ከነቀልኩት ትንሽ ቆይቻለሁ፤ ግን ገና ስላልበረደ ጥግ ላይ አቁሜው እየጠበቅሁት ነው። ክፍሉ በሞቀ ጥጥ ሽታ ተሞልቷል። ከጠዋት ጀምሮ ስም ያላወጣሁለት አንድ ስሜት አብሮኝ ሲዞር ውሏል። ሐዘን አይደለም፤ ድካምም አይደለም። ብቻ ሆዴ ባር ባር ይለኛል። ልጽፍ የተቀመጥኩት ግን ስለዚህ ስሜት ሳይሆን ስለ ካውያው ነበር።

መተኮስ ቀሎኛል። የእሑድን ማታ እንዴት እፈራ እንደነበር የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። የሁለት ልጆች የሳምንት ልብስ ወንበር ላይ ተቆልሎ ሲያፈጥብኝ ቅዳሜ ይጨልምብኝ ነበር፤ ቅዳሜን ጀምሬው እሑድ እጨርሰዋለሁ፤ አንዳንዴም ሳልጨርሰው ሰኞ ይደርሳል። ለካ ችግሩ ከካውያው አልነበረም። ልብሱን ካጠብኩ በኋላ እንደተጠቀለለ አውጥቼ እንደነገሩ ገመድ ላይ እጥለዋለሁ፤ እንደ ቆዳ ደርቆ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ ትግል ነው። አሁን እያንዳንዱን ገና እርጥቡን ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፋለሁ፤ ኮሌታውንና ስፌቱን በእጄ ሳብ ሳብ አድርጌ አሰጣዋለሁ። ደግሞም ደርቆ እስኪያልቅ አልጠብቅም። ጣቴን ሳሳርፍበት ቀዝቀዝ ሲለኝ አነሳዋለሁ። ግማሹ ሥራ እዚያው ገመዱ ላይ ያልቃል።

ምክንያቱን ሳውቅ ደግሞ ሥራውን ይበልጥ ወደድኩት። ጥጥ የተሠራው ሴሉሎስ ከሚባል ነገር ነው፤ እጅግ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው፤ እርስ በርስ የተያያዙትም ሃይድሮጅን በሚፈጥረው ትስስር ነው። ውሃ ሲገባባቸው ትስስሩ ይላላል፣ ሰንሰለቶቹ ይንሸራተታሉ። ውሃው ሲወጣ ደግሞ ባሉበት ቅርጽ እንደገና ይያያዛሉ። ተጨማድዶ የደረቀ ሸሚዝ መጨማደዱን ይዞ ይቀራል፤ ተዘርግቶ የደረቀም መዘርጋቱን። ካውያ የሚያደርገው ይህንኑ በሙቀትና በክብደት ማፋጠን ነው። ደርቆ የቆየውን ልብስ በውሃ ሳላርስ ስገፋው የኖርኩት ያለ አንዳች ትርፍ ነበር ማለት ነው።

ሌላው ቅደም ተከተሉ ነው። ካውያ ቶሎ ይሞቃል እንጂ ቶሎ አይበርድም። ስለዚህ ልብሱ ውስጥ በተሰፋው ምልክት ላይ አንድ ነጥብ ካላቸው እጀምራለሁ፤ እነሱ ከ110 ዲግሪ በላይ አይወዱም። ከዚያ ሁለት ነጥብ ያላቸው፣ እስከ 150 የሚችሉት። በመጨረሻ ሦስት ነጥብ፣ 200 ዲግሪ የሚሸከሙት ጥጥና በፍታ። ሸሚዝ ሲሆን ኮሌታውን ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሐል፤ ቀጥሎ የእጅጌውን ጫፍ፣ እጅጌውን፣ በስተመጨረሻ ሰፊውን አካል። ወገቡን ቀድሜ ስተኩስ ኮሌታው ላይ ስደርስ ወገቡ ተመልሶ ይጨማደድ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ወጣች። ነፃ የወጣችውን ቅዳሜ ለልጆቹ ሰጠኋት፤ ወደ ሙዚየም መሄድ ጀመርን።

መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ክፍል ልናዳርስ ስንሮጥ ሦስታችንም ተናደን ተመለስን። አሁን ከአንድ ሰዓት በላይ አንቆይም። ሁለት ክፍል ብቻ እናያለን። እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይመርጡና ፊቱ ተቀምጠው ይስሉታል፤ በእርሳስ፣ ምክንያቱም ቀለም ቢፈናጠቅ ከቅርስ ላይ አይለቅም። ትንሿ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ምላሷን አውጥታ ስትስል ማየት ለእኔ ከቅርሶቹ ሁሉ የሚበልጥ ነው። የሳለችውን ነገር ደግሞ አትረሳም። ከሁለት ወር በፊት የሳለችውን ማሰሮ፣ እጀታው በየት በኩል እንደተሰነጠቀ ትናንት ነግራኛለች።

ትናንት የገባነው ወደ ጨርቃ ጨርቁ ክፍል ነበር። ጨለም ያለ ነው። ትንሿ እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣

«አባዬ፣ መብራት ጠፋባቸው እንዴ?» አለችኝ።

አስጎብኚዋ ሰምታ ጎንበስ አለችላት። «አልጠፋም የኔ እናት። እነዚህ ልብሶች ብዙ ብርሃን አይወዱም። ብርሃን ቀለማቸውን ይበላዋል፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም» አለቻት። ለጨርቅ የሚመከረው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ያህል መሆኑን ለእኔ ነገረችኝ። ትንሿ ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ብቻ ነበር የምታወራው፤ ድምፅም ልብሶቹን የሚበላቸው መስሏት።

ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ነበር። ትልቁ ፊቱ ቆሞ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ፎቶግራፉ የታርካን ቀሚስ ነው። ቀሚሱ ራሱ ያለው ለንደን፣ ፔትሪ ሙዚየም ውስጥ ነው። ከተልባ ግንድ በሚወጣ ቃጫ የተሸመነ በፍታ፤ አንገቱ ሹል ሆኖ የተቆረጠ፣ እጅጌውና ትከሻው ጥቃቅን ሽንሽን ያለው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስለ እርሱ ሳነብ አመሸሁ። ግብፅ ውስጥ ከካይሮ በስተደቡብ ታርካን ከሚባል የመቃብር ስፍራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 በእንግሊዛዊው የቅርስ ቁፋሮ ባለሙያ በፍሊንደርስ ፔትሪ ቁፋሮ ወጣ። የወጣው ግን እንደ ቀሚስ አልነበረም፤ እንደ ቆሻሻ የጨርቅ ክምር እንጂ። ያ ክምር ሳይፈታ 64 ዓመት ተቀመጠ። በ1977 ለማጽዳት ወደ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የጨርቅ ጥገና ክፍል ሲላክ ነው ከመሐሉ ቀሚሱ የተገኘው። ባለሙያዎቹ በስስ ሐር ላይ ሰፍተው አጸኑት። በ2016 ይፋ የሆነው የካርቦን ምርመራ ዕድሜውን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3482 እስከ 3102 ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀመጠው። በሸማኔ እጅ ተሠርተው እስከ ዛሬ ከቆዩት ልብሶች መካከል ከእርሱ የሚቀድም አልተገኘም።

ልጄን ያስደነቀው ግን ዕድሜው አልነበረም። ቀሚሱ ሲገኝ በግልባጩ ነበር። የለበሰው ሰው በጭንቅላቱ በኩል ስቦ እንዳወለቀው፣ ውስጡ ወደ ውጭ ወጥቶ።

«እንደኔ!» አለ።

እንደ እርሱ። በየቀኑ የምቆጣው በዚህ ነው። ሸሚዙን በጭንቅላቱ ስቦ ያወልቅና እንደተገለበጠ ይወረውረዋል፤ አንዱ እጅጌ ወደ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን እጅጌ ክንዴን አስገብቼ ስመልስ አጉረመርማለሁ። ልጄ ዞሮ ሲያየኝ ምንም አልተናገርኩም። ለካ አምስት ሺህ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚወለቀው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ካንድ ነገር ላይ አልነሳ አለኝ። ጽሑፉ እንደሚለው በቀሚሱ ክርንና ብብት አካባቢ የመጨማደድ ምልክት አለ። ለመቃብር ብቻ የተሰፋ ሳይሆን ሰው ሲለብሰው የኖረ መሆኑ የታወቀው በዚያ ነው። አንድ ሰው ክርኑን አጥፏል። አንድ ነገር አንስቷል፣ ጎንበስ ብሏል፣ ምናልባት ልጅ አቅፏል። ስሙ ጠፍቷል፣ ፊቱ ጠፍቷል፣ ቋንቋውን የሚናገር የለም። የክርኑ መታጠፍ ግን አለ። በአንዱ ልብስ ላይ ሁለት ዓይነት እጥፋት ነው ያለው፦ አንዱን እጅ አስቦና ለክቶ ያወጣው ሽንሽን፣ ሌላውን ሰውነት ሳያስበው የጻፈው። እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነው።

እና ዛሬ ማታ የልጄን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሐሙስ ብቻ ነው የለበሰው፤ ስላልቆሸሸ አልታጠበም ነበር፤ ተኩሼ ለነገ ላዘጋጀው ነው። ቀኙን እጅጌ ተኮስኩ። ወደ ግራው ስደርስ ካውያውን አነሳሁና ቆምኩ። ክርኑ ላይ ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ስድስት ወይም ሰባት ይሆናሉ። ከቀኙ ይልቅ ግራው ጠልቋል። ልጄ ሲያነብ ጉንጩን የሚያሳርፈው በግራ እጁ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ካልጣመው ቶሎ ያነሳዋል፤ ከጣመው ግን እስኪጠሩት ድረስ እንዲያ ሆኖ ይቀራል። ሐሙስ የጣመው ነገር አንብቧል ማለት ነው። አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። እጅጌው ጫፍ ላይ የእርሳስ ጥላት አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ስፌቱ ከእጁ አንጓ ሁለት ጣት ያህል አጥሮ መቅረት ጀምሯል።

ይህን ለማጥፋት የሚያስፈልገኝ ሠላሳ ሰከንድ ነው። ውሃ ነፋ፣ ካውያ ወዲያ፣ ካውያ ወዲህ።

የጨርቅ ጥገና ባለሙያዎች እንዲህ አያደርጉም። ጠንካራ ካውያ አይጭኑበትም። ማቃናት ካለባቸው በጥቂት እርጥበት ቃጫውን ያለሰልሱትና በመስታወት ክብደት ቀስ ብለው ያስተኙታል። ከመልበስ የመጣውን እጥፋት ግን ብዙ ጊዜ አይነኩትም፤ እርሱ ማስረጃ ነው፣ ከጠፋ አይመለስም። አስጎብኚዋ ስለ ቀለም ለልጄ የነገረቻት ይኸው ነው። እኔ በየእሑዱ ስንት ክርን አስተኝቻለሁ? ትልቁ መዳህ ሲጀምር ጉልበቱ ላይ የሚወጣው የሱሪ እጥፋት ነበር፤ ትንሿ ስታለቅስ ጨብጣ የምትይዘው የቀሚስ ጫፍ ነበር፤ ሁሉንም አለስልሼ፣ አጥፌ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ደርድሬአለሁ። በሥርዓቱ በተደረደሩት ልብሶች ልቤ ሞልቶ ነበር የምተኛው።

አሁን ሸሚዙ በር ላይ ተሰቅሏል። ቀኝ እጅጌው እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። ግራው ክርኑ ላይ ትንሽ ጎበጥ ብሎ፣ ሰው ውስጡ እንዳለ ሆኖ ተንጠልጥሏል። መብራቱን አጥፍቼ በመተላለፊያው ብርሃን አየሁት፤ ልጄ በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ የመጣ ነው የሚመስለው። ነገ ጠዋት ግን ለብሶት ወደ ትምህርት ቤት መሄድ አለበት። ጓደኞቹ ያዩታል፤ መምህሩ ያየዋል፤ እርሱ ራሱም «አባዬ፣ ይቺን ረስተሃታል» ይለኛል።

ካውያው በርዷል። እንደገና ልሰካው?