ከአዴት ማዶ፦ የትራኮማ ዘመቻ በምሥራቅ ጎጃም

ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ የሚሄደው ቅጥቅጥ ጎሕ ሳይቀድ ይሞላል። መናኸሪያው ስደርስ የቀረችው ሞተሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ብቻ ነበረች፤ እሷኑ ይዤ ተነሣን። አዴትን ካለፍን በኋላ የኅዳር ጎጃም በግራም በቀኝም ተዘርግቶ ታየን። ጤፉ ግማሹ ታጭዶ ተከምሯል፣ ግማሹ ነፋስ እያዘናፈለው አጫጁን ይጠብቃል። የተሳፋሪው ወሬ ሁሉ አጨዳና የቀን ሠራተኛ ዋጋ ነው። እኔ የምሄደው የዓይን ሕክምና ለማየት ነበር።

የአክስቴ ልጅ ነርስ ነው። ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ትራኮማ በተባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ሠልጥኗል። ስለ ዕርዳታ ድርጅቶች በስልክ ስንከራከር ከርመናል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ የማየው ነጩን ላንድ ክሩዘርና የሆቴሉን ወርክሾፕ ነው፤ እሱ የሚያየው ገበሬው ደጃፍ የሚደርሰውን ነው። «ዘመቻው ኅዳር ላይ ነው፤ መጥተህ በዓይንህ እየው» አለኝ። ይህ ከጦርነቱ በፊት ነው። ዛሬ በዚያ መንገድ እንደ ልብ አይኬድም፣ የጤና ሥራውም በግጭቱ ብዙ ተጎድቷል። ማስታወሻዬን አሁን ማውጣቴም ለዚሁ ነው፤ ምን ያህል ርቀት ተኪዶ እንደነበር የማያውቅ ሰው የተቋረጠው ምን እንደሆነም አያውቅም።

ሞጣ ምሳ በልተን መኪና ቀይረን ወደ ግንደ ወይን ቀጠልን። ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ከተማ ናት። ይህ ወረዳ በትራኮማ ሥራ ዘንድ ስሙ የሚነሣው በመጸዳጃ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረው ቅስቀሳ ሕዝቡ ከታቀደው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ግንባር ቀደሞቹም ሴቶች ነበሩ። ወንዱ ዱር ለዱር ሲውል የትም ይጸዳዳል፤ ሴቷ ግን እስኪመሽ ታፍና መቆየት ነበረባትና ጥቅሙ የገባት ቀድማ ነው። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የምታደርሰው ዝንብ ደግሞ የምትፈለፈለው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ግን አትራባበትም። መጸዳጃ ቤትና ዓይን ምን አገናኛቸው ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

በሽታው ራሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሕፃኑ ይያዛል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ዓይናር ይይዛል፣ ይሻለዋል፤ ተመልሶ ይያዛል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ እያበጀ፣ ጠባሳውም እየጎተተው ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ይፍቃል። መጨረሻው መታወር ነው። ሴቶች ላይ የሚበረታው ውሎ አዳራቸው ከሕፃናት ጋር ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከ100ው 60 በላይ የሚሆኑት በሽታው ነበረባቸው።

ግንደ ወይን የነቃሁት በጭስ ሽታ ነው። ዕለቱ ኅዳር 12 ነበር። የኅዳር ሚካኤል ነው፤ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት፣ ኅዳር የሚታጠንበት ቀንም ነው። በ1911 ዓ.ም. ያንን ሁሉ ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታ ካለፈ ከመቶ ዓመት በኋላም ሕዝቡ ደጁን እየጠረገ ያቃጥላል። ማንም ድርጅት ያላዘዘው፣ አበል ያልተከፈለበት የጤና ዘመቻ ማለት ይህ ነው።

የመድኃኒት እደላው ለዚያ ቀን የተደረገው ታስቦበት ነው። በአጨዳ ወቅት ገበሬ ከማሳው የሚነሣው ለታቦት ብቻ ነውና ቅዳሴ እንዳለቀ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደወጣ በዚያው ወደ ጤና ኬላው ወረደ። ከዋርካው ሥር ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የየአባወራውን መዝገብ ከፍተው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው በቀለም የተከፋፈለ ዱላ ቆሟል። ሚዛን አያስፈልግም፤ ሰው ሁሉ ከዱላው ጋር ይቆምና አናቱ የደረሰበት ቀለም ስንት ክኒን እንደሚገባው ይናገራል። ለአዋቂ አራት ክኒን፣ ለትንንሾቹ ሽሮፕ፣ ስድስት ወር ላልሞላቸው ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት። አንድ ልጅ ሽሮፕ የሕፃን ነው ብሎ ነው መሰለኝ በእግሩ ጣት ቆሞ ክኒን የሚያሰጠውን ቀለም ለመድረስ ታገለ። ከባለሙያዎቹ አንዷ አናቱን ቀስ ብላ ተጭና ተረከዙን አስነካችውና ሽሮፑን ጨለጠ።

ክኒኑ ያመክናል የሚል ወሬ በመንደሩ ዞሮ ነበር። ሰውም ተፋፍሮ ቆመ። ያን ጊዜ አንድ አዛውንት ቄስ መስቀላቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ቀረቡ፣ ከዱላው ጋር ቆሙ፣ አራቱንም ሕዝቡ ፊት ዋጡ። ከዚያ በኋላ ሰልፉን መግታት አልተቻለም።

ያ ክኒን ዚትሮማክስ የተባለ ፀረ ተህዋሲ መድኃኒት ነው። ፋይዘር የተባለው የኒውዮርክ መድኃኒት አምራች በነጻ ይሰጠዋል፤ ስጦታውን የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የትራኮማ ኢኒሼቲቭ ነው። እስካሁን በብዙ አገሮች ከ1 ቢሊዮን መጠን በላይ ታድሏል። በአማራ ክልል ከጤና ቢሮው ጋር ሆኖ ሥራውን ከ20 ዓመት በላይ የደገፈው የአትላንታው ካርተር ማዕከል ነው፤ የላየንስ ክለቦች ገንዘብም አለበት። በኦሮሚያ ፍሬድ ሆሎውስ፣ በደቡብ ኦርቢስ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ይህን ሁሉ ስም ዋርካው ሥር የጠራ ሰው አልሰማሁም። ሕዝቡ የሚያውቀው የኤክስቴንሽን ልጆቹን ነው፤ እነሱም የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከዚያው አካባቢ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ፕሮግራም ከ30,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል።

ከሰዓት ላይ አንድ አባት ሁለቱን ክኒን ውጠው ሁለቱን ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ ከኤክስቴንሽን ልጆቹ አንዷ አየቻቸው።

«አባባ፣ እዚሁ እፊቴ ይዋጡት።»

«ልጄ ቤት ተኝታለች፤ ለሷ ልያዝላት ብዬ ነው።»

«ለሷ የሷ ድርሻ አለ። እኔው ቤት ድረስ ይዤላት እመጣለሁ።»

እንዲሁ የተባለ መስሎኝ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቦርሳዋን አንግታ፣ ዱላውን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ተነሣች፤ እኔም ተከተልኳት። ዳገቱን ወጥተን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ውሻ አባረን ደረስን። የታመመችው ልጅ መቆም ስላልቻለች አልጋ ላይ እንደተኛች ዱላውን አጠገቧ ዘርግታ ለካቻት። መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገች። የዚያ ሳምንት የዘመቻ አበሏ ከአንድ መሥሪያ ቤት እስኪለቀቅ ወራት እንደሚወስድ በመንገድ ነግራኛለች፤ ይህ አስቆጥቶኛል፣ ዛሬም ያስቆጣኛል። ከአትላንታና ከኒውዮርክ የተነሣው ያ ሁሉ ስጦታ የመጨረሻዋን ዳገት የሚወጣው በእሷ እግር ነውና።

ያች ቤት ደጃፍ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ አየሁ። ውሃው ከየት ነው ብል እናትየው ከታች ያለውን ገደል በአገጫቸው አመለከቱኝ። ወርዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ 20 ሊትር አዝሎ መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። «የልጆችን ፊት ጧትና ማታ እጠቡ ይሉናል። እውነት ነው፣ ግን ለሰውና ለጥጃ ያልበቃ ውሃ እንዴት ይሁን?» አሉ። ልጅቷ ክርክር አልገጠመችም። ከአጥሩ ላይ የተንጠለጠለች ቀዳዳ ያላት ፕላስቲክ ጠርሙስ አወረደች፣ ጥቂት ውሃ ጨመረችባትና የትንሹን ልጅ ፊት ጠብ ጠብ በምትለዋ ውሃ አጠበችው። አንድ ስኒ እንኳ አልሞላም።

ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር ያወራነው ስለዚሁ ነበር። ያለንበት ወረዳ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች የታወቀ መሆኑን የነገረኝም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እዚሁ ጎንቻ ውስጥ ትልቅ የትራኮማ ጥናት ተደርጓል። ክኒኑ ተህዋሲውን መቀነሱ ይጠበቅ ነበር፤ ያልተጠበቀው ሌላው ነው። መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ሞት፣ ተራቸው ገና ካልደረሰው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ያን መነሻ አድርገው ተመራማሪዎች በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ወደ 190,000 በሚጠጉ ሕፃናት ላይ ሞከሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት ሞት በ13.5 በመቶ ቀንሶ ነበር። ለዓይን ተብሎ የታደለ ክኒን የኒጀርን ሕፃናት ማትረፍ ይችል እንደሆነ የጠቆሙት እነዚህ የጎጃም መንደሮች ናቸው። ይህን የሚያውቅ ጎጃሜ ስንት ይሆን?

ሁሉ ነገር ግን እንዲህ የቀና አይደለም። አንዳንድ ወረዳዎች ከአሥር ዓመት በላይ በየዓመቱ መድኃኒት ታድሎባቸውም በሽታው ከሚፈለገው በላይ ቆይቷል። በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ቀረ ለመባል ከሚያስፈልጉት አንዱ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት የታመሙት ከ100 ከ5 በታች መሆናቸው ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ ደግሞ የዋግ ኽምራው ጥናት ወጣ። በ40 መንደሮች ነው የተሠራው፤ በግማሾቹ ውሃ ወጣ፣ ሳሙና ታደለ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ቅስቀሳ ተደረገ። ሦስት ዓመት ተከታትለው ሲለኩት ዓይን ውስጥ ያለው ተህዋሲ ከሌሎቹ መንደሮች የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ሳነበው ከፋኝ፤ ያች እናት ፊቴ ድቅን አሉ። ውጤቱን ሳይደብቁ ማውጣታቸውን ግን አከብራለሁ። ገንዘብ ሰጪ ፊት ደስ የማይል ነገር አሳትሞ ሥራውን የሚቀጥል ድርጅት ላምነው የምችለው ድርጅት ነው። ውሃውም ቢሆን ለትራኮማ ብቻ የሚቆፈር አይደለም፤ ለዚያች እናት ግማሽ ቀናቸው ሊመለስላቸው ይገባል።

ቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ነበር። ከጧት ጀምሮ የጤና ጣቢያው ኮሪደር ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው በተከናነቡ፣ ብርሃን በሚሸሹ እናቶች ተሞላ። አንዷ እማማ አንገት ላይ፣ ከጥቁሩ ማተብና ከእንጨት መስቀሉ ጋር፣ ወረንጦ ተንጠልጥሎ አየሁ። ጫፎቹ ከብዙ አጠቃቀም ነጥተዋል። ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉበት ነው። ጎረቤት ይነቅልላቸዋል፣ ጎረቤት ሲጠፋ የልጅ ልጅ። የተነቀለው አጥሮና ጠንክሮ ሲመለስ እንደ እሾህ ይወጋል።

የአክስቴ ልጅ እጁን ታጠበ፣ ጓንት አደረገ። እማማን አስተኝቶ ፊታቸውን በቀዳዳ ጨርቅ ሸፈነና አንዱን ዓይን ብቻ አወጣው። «እማማ፣ ትንሽ ትወጋለች፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማዎትም» ብሎ ማደንዘዣውን ወጋ። የላይኛውን ቆብ ገለበጠው፤ ውስጡ ነጭ ጠባሳ ነው። ቀደደው፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሮ በክር ሰፋው። ሩብ ሰዓት ያህል ነው የፈጀው። እማማ እስከ መጨረሻው ሚካኤልን እየጠሩ ነበር፤ እሱም በየመሐሉ «በርቱ፣ አለቀ» ይላል። ምርመራውም፣ መድኃኒቱም፣ ቀዶ ሕክምናውም በነጻ ነው። አንዳንዱ ላይ ፀጉሩ ከጊዜ በኋላ ይመለሳል፤ ይህንንም ሳይሸፋፍን ለእያንዳንዳቸው ይነግራቸዋል።

በማግስቱ ፋሻው ተነሣ። ዓይኑ አብጧል፣ ደምም ቋጥሯል። እማማ ዓይናቸውን ገለጥ ከደን፣ ገለጥ ከደን አደረጉ። «አይወጋም» አሉ። ደግመው ሞከሩት። ከዚያ ወዲያው ወደ ሥራ ነገር ገቡ።

«ግራውንስ መቼ ነው የምትሠራልኝ?»

«ታኅሣሥ 10 ይመቻል፣ እማማ?»

«ታኅሣሥማ ውቂያ ነው። ማን እህል ያነሣልኛል?»

«ከገና በኋላስ?»

«ከጥምቀት ወዲያ አድርገው። ያን ጊዜ ምራቴም ትመጣለች።»

ጥር 14 ብሎ ካርዳቸው ላይ ጻፈላቸው። ካርዱን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት፤ ከበሩ ሲደርሱ ግን ተመለሱ።

«ጎረቤቴም እንደ እኔው ናት። ይዣት ልምጣ?»

«ይዘዋት ይምጡ እንጂ። ስሟን ይንገሩኝ» አለና መዝገቡን እንደገና ከፈተው።