በረዶውን አናግረኸዋል?

በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጋሼ መኪናውን አሙቀው ክላክስ ሲያደርጉ እኔ ወልዲያ ላይ የክትባት መጋዘን ውስጥ ሁለት ኮልድ ቦክስ፣ ክትባት ሳይሞቅ የሚጓጓዝባቸውን ሣጥኖች፣ እየሞላሁ ነበር። ጋሼ የምለው ሾፌራችንን ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚወስደውን፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩትን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከነእያንዳንዱ እጥፋቱ ያውቁታል።

«ቶሎ በል ልጄ፤ የዲልብን አቀበት ፀሐይ ሳይበረታ እንውጣው» አሉኝ በመስኮት።

ቸኮልኩ። አይስ ፓክ ውኃ ተሞልቶ በረዶ የሚደረግ ፕላስቲክ ነው፤ ከፍሪዘር እንደወጣ ወዲያውኑ ኮልድ ቦክስ ውስጥ አይገባም። ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ላቡ እስኪወጣ፣ አንስተው ሲነቀንቁትም ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ ድረስ ይቆያል። ውኃው ከተሰማ በረዶው ዜሮ ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፤ ክትባቱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ በረዶ አያደርገውም። ቀጥታ ከፍሪዘር የወጣው ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊሆን ስለሚችል የነካውን ብልቃጥ ሁሉ በረዶ ያደርገዋል። ይህን ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ። ለወረዳ ባለሙያዎችም እኔው ራሴ ቆሜ አስተምሬዋለሁ። ያን ሌሊት ግን አይስ ፓኮቹን ከፍሪዘር አውጥቼ፣ ነጭ አመዳይ እንደለበሱ፣ በብልቃጦቹ ዙሪያ ደረደርኳቸውና ክዳኑን ገጠምኩ።

ችኮላ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ግንቦት ላይ ወደ ቆቦ ቆላ ወርጄ በመንገድ ስለዘገየሁ፣ ክትባቱ ሲደርስ ቪቪኤሙ ወደ መጥቆሩ ተቃርቦ ተገኝቷል። ቪቪኤም ብልቃጡ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ክብ ናት፤ መሃሏ ያለው ነጭ አራት ማዕዘን ሙቀት በነካው ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል፤ የዙሪያውን ክብ ቀለም ከያዘ ክትባቱ ይጣላል። በስብሰባ ላይ ስሜ ተጠርቶ ተወቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሙቀትን ብቻ መፍራት ለመድኩ፤ በረዶ በበዛ ቁጥር ክትባቱ ይበልጥ የሚጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ወደ ደጋ እየወጣሁ እንኳ የምጠነቀቀው ለቆላ ፀሐይ ነበር።

ሳንቃን አለፍን፤ ዲልብ ላይ ሻይ ጠጣን። አቀበቱን አጋምሰን ሳለ ከሞተሩ በኩል ጧ! የሚል ድምፅ ሰማን። ጋሼ መሪው እጃቸው ላይ ሲከብድ ወዲያው ገባቸው። «የፋን ቺንጋ ነው» አሉ። ኮፈኑን ሲከፍቱ ቺንጋው እንደ ሞተ እባብ ተንጠልጥሎ አየነው። መቀመጫ ሥር ይቀመጥ የነበረው መለዋወጫ ባለፈው ጉዞ ለሌላ መኪና ተሰጥቶ ኖሯል። ያለ ቺንጋ ሞተሩ ውኃ አያዞርም፤ ትንሽ ከሄደ ይነድዳል። ሁለት ሰዓት ያህል ቆመን ከወልዲያ የመጣ ባዶ አይሱዙ በካቦ እየጎተተ ጋሸና አደረሰን። ጋሼ ወደ ወልዲያ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፍረው ቺንጋ ሊያመጡ ተመለሱ። እኔ ከሁለቱ ሣጥኖች ጋር ጋሸና ቀረሁ።

ጋሸና ወደ ላሊበላ መታጠፊያ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሚያልፍ እንጂ የሚያድርባት እንግዳ ብዙ አልነበረም። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ ሰው ሁሉ በጋቢና በበርኖስ ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ብርዱን ሳይ ለራሴ ጠላሁት፣ ለክትባቱ ግን ደስ አለኝ። ሣጥኖቹን በአንድ ወጣት ጋሪ አስጭኜ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኩና በማቀዝቀዣቸው እንዲያሳድሩልኝ ለመንኩ።

የክትባት ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነበረች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፤ ወረፋዋን ጨርሳ ልትወጣ ስትል ነው የደረስኩባት። ምንም ሳታጉረመርም ነጠላዋን መልሳ ሰቀለችና የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈትኩትም ነበር። አንዱን አይስ ፓክ አወጣች። በጣቷ አንጓ መታችው፤ እንደ ድንጋይ ጮኸ። ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ ጸጥ ያለ ነው።

«ስትጭነው በረዶውን አናግረኸዋል?» አለችኝ።

አልመለስኩም። ቴርሞሜትሩን አውጥታ ወደ አምፖሉ አዞረችውና ሳትናገር ለእኔ አቀበለችኝ። ከዜሮ በታች 3 ይላል።

«ቪቪኤሙ ግን ንጹሕ ነው፤ እይው» አልኳት። አሁን ሳስበው፣ ያን ማለቴ ያሳፍረኛል።

«ወንድሜ፣ ቪቪኤም የሚያውቀው ሙቀትን ነው። ብርድን ማን ይነግርሃል?»

ልክ ናት። ብርድ የሚጎዳው ሁሉንም ክትባት አይደለም። የአፍ ፖሊዮ፣ ኩፍኝና ቢሲጂ የተባለው የቲቢ ክትባት በረዶ ቢሆኑም ኃይላቸውን አያጡም፤ ማሟሟያቸውም ለብቻው በካርቶን ስለመጣ ደኅና ነበር። ፔንታ ግን እንደዚያ አይደለም። ፔንታ ሕፃናት ከተወለዱ ከ6 ሳምንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ የሚወስዱት፣ ከዲፍቴሪያ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከሄፓታይተስ ቢና ሂብ ከሚባለው ባክቴሪያ የሚከላከል ክትባት ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ይቋጠርና ክትባቱ ይበላሻል። ሲቀልጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ብልቃጡ አይሰነጠቅም፣ ሽታው አይለወጥም፣ ቪቪኤሙ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። እናቲቱ ልጄ ተከተበ ብላ ትሄዳለች፤ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ልጁ ግን ከሕመሙ አልተጠበቀም።

ሲስተር ሁሉንም ወደ ማቀዝቀዣው አዛወረችና ከፔንታው አንድ ብልቃጥ ለይታ «የቀዘቀዘ» ብላ ጻፈችበት። አድሮ በረዶ እንዲሆንና ጠዋት ለማነጻጸሪያ እንዲያገለግል የበረዶ ክፍሉ ውስጥ አስገባችው። «ጠዋት ሼክ ቴስት እንሠራለን። ነገ የክትባት ቀን ስለሆነ በጊዜ ና» ብላኝ ሄደች።

ያደርኩት ጠላና ቡና ከሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ቤት ነው፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ዛፍ ብርቅ በሆነበት አገር እሳቱ የኩበት ነው፤ ጭሱ ዓይን ይለበልባል፣ ሙቀቱ ግን ልብ ያርሳል። የገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ። ፊቴን አይተው «ምን ገጠመህ ልጄ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው፤ ክትባት በሙቀት ብቻ ሳይሆን በብርድም ይበላሻል ስል ይገርማቸዋል ብዬ ነበር። አልገረማቸውም።

«ብርድ እንደሚያቃጥል ለኛ ይነገራል?» አሉ። «ባቄላው አብቦ ሳለ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል። ጠዋት ስታየው አረንጓዴ ነው፤ ተርፏል ብለህ እግዜርን ታመሰግናለህ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ነው እየጠቆረ የሚወድቀው። እኔ እንኳ አንድ ዓመት ጠዋት አይቼው ተርፏል ብዬ ለጎረቤት አውርቼ፣ በምሳ ሰዓት እርሻው ከሰል መስሎ ጠበቀኝ።»

ባና ደርበውልኝ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም። ማንም ሳይሰማው የሚያልፍ ነገር እንደነበር ደጋግሜ አሰብኩ። ቺንጋው ባይበጠስ ኖሮ በዚያው ቀን ወረዳው ደርሼ አስፈርሜ እመለስ ነበር። ክትባቱ ለየጤና ኬላው ይበተናል፤ የሚቀበለው ባለሙያ የሚያየው ቪቪኤሙን ነው። አሁንም ቢሆን የምናውቀው እኔና አንዲት ነርስ ብቻ ነን። ጠዋት ቀድሜ ሄጄ፣ ሣጥኖቼን ጭኜ፣ «መሥሪያ ቤቱ ተመለስ ብሎኛል» ብላት ምን ታደርገኛለች? ይህ ሐሳብ በውስጤ አልፏል፤ አላለፈም ብዬ አልዋሽም። የያዘኝ የእትዬ ባቄላ ነው። ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውን እኔ በገዛ እጄ ለሕፃናት ላከፋፍል ነው ማለት ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በረንዳ በእናቶች ተሞልቷል። ሲስተር የቀዘቀዘውን ብልቃጥ አውጥታ እስኪቀልጥ እየጠበቀች ነበር። እኔ ማታ ስናዛውር ከሣጥኖቹ ከተለያየ ቦታ ለይቼ ያስቀመጥኳቸውን ሦስት ብልቃጦች አወጣሁ። ሼክ ቴስት የሚባለው ይኸው ነው፤ ከቀለጠው ጋር አንድ ላይ ይዘን ነቀነቅናቸውና መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ አቆምናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ እስከ 30 ደቂቃ። ደኅና የሆነው ክትባት እንደ ወተት ደፍርሶ ይቆያል። በረዶ የነካው ዝቃጩ ቶሎ ይወርድና ከላይ ጥርት ያለ ውኃ ይቀራል።

ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከብልቃጦቹ ትይዩ አደረግኩ። ሰባት ስምንት ደቂቃ ያህል እንደሄደ የቀዘቀዘው መጥራት ጀመረ። ቀጥሎ ከእኔዎቹ አንዱ፣ ከግድግዳው አጠገብ የነበረው። ቀጥሎ ሌላው። ሦስተኛው፣ ከመሃል ያወጣሁት፣ እስከ መጨረሻው እንደ ደፈረሰ ቆየ። የቀሩት ግን የትኛው ከመሃል፣ የትኛው ከዳር እንደነበረ ማታ ስናዛውር ስለተደባለቀ ለይቶ ማዳን አልተቻለም። ፔንታውን በሙሉ፣ እንደ እርሱ ብርድ የማይችሉትንም አብረን «አይሰጥም» ብለን ለየን።

ለእናቶቹ የምነግራቸው እኔ ነኝ አልኳት። ሲስተር «እኔ ልንገራቸው፣ ያውቁኛል» ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ። በረንዳው ላይ ቆሜ ኩፍኝና ፖሊዮ ያላቸው እንደሚከተቡ፣ ፔንታ የሚወስዱት ግን ዛሬ እንደማይሰጣቸው፣ ለእነሱ የሚሆነው መድኃኒት በመንገድ እንደተበላሸና ያበላሸሁትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ስማቸው የተመዘገበ ለፔንታ የመጡ ሕፃናት 17 ነበሩ። ማንም አልጮኸብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ከጀርባዋ ሳታወርድ «ሦስት ሰዓት ተጉዤ ነው የመጣሁ። ያለውን ውጉልኝ» አለችኝ።

«ያለው አይጠቅመውም እናቴ» አልኳት።

«መጣልኝ ብዬ ነበር እኮ» አለችና ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃ ወጣች።

ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለአለቃዬ ደወልኩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገርኩት፤ አይስ ፓኩን እንዳላናገርኩትም አልደበቅኩም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ቅጹን ሞልተህ ፈርምበት፤ ሌላ ክትባት አዘጋጃለሁ» አለኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በኋላ ደርሶኛል፤ አሁንም ከፋይሌ ውስጥ አለ፤ ይገባኛልም። መጋዘኑ ውስጥ ለአይስ ፓክ ብቻ የሚሆን ረጅም ጠረጴዛ ያስገባነው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጉዞ ካለ እኔ 10 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። ጋሼም ክላክስ ማድረግ ትተው ገብተው እያንዳንዱን ከጆሮዬ ጋር ሳስጠጋ ቆመው ይጠብቁኛል።

በአምስተኛው ቀን አዲሱን ፔንታ ይዤ ጋሸና ተመለስኩ። ሲስተር በየቀበሌው ባሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መልእክት ልካ ስለነበር 16ቱ እናቶች መጡ። አንዷ ቀረች፤ «ያለውን ውጉልኝ» ያለችው። ከሰዓት በኋላ ሲስተር ትንሿን የክትባት መያዣ፣ ቫክሲን ካሪየሯን፣ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ «አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለችኝ። መኪና በማይገባበት መንገድ ነው የሄድነው፤ የገብሱ ውቂያ ደርሶ በየአውድማው በሬዎች ይሽከረከራሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሄድን። እሷ ያን ቀን ልጅ አዝላ የተጓዘችው፣ ባዶ እጇንም የተመለሰችው በዚህ ነበር።

አውድማው ላይ ገብስ ስታነሳ አገኘናት። እኔን ስታይ ፊቷ አልተፈታም፤ «ደግሞ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ነው የቀረሁት» አለች። ሕፃኑን የያዘችው ስድስት ዓመት የሚሆናት ታላቅ እህቱ ናት። ሲስተር ካሪየሩን ከፍታ አንዱን አይስ ፓክ ሰጠችኝ፤ እኔ ደግሞ ለእናትየው ዘረጋሁላት። እጇ ገለባ ስለነበረበት ልጅቷ ተቀበለችኝ። እንዴት እንደሚነቀነቅ አሳየኋት። ከጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችና ቆም አለች፤ እንደገና ነቀነቀችው።

«እማ፣ ውስጡ ውኃ ይናገራል» አለች።

እናትየው እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልጁን ተቀበለችና እግሩን ከጨርቁ ውስጥ አወጣች።