የ15 ዶላር እርሻ፣ ዘጠኝ ቀን በባንክ

ውጭ አገር ያለች ጓደኛችሁ አብራችሁ የምትጫወቱትን የኮምፒውተር ጨዋታ «እኔ ልግዛልሽ» ካለቻችሁ እሺ በሉ። ሌላውን ባታነቡትም ግድ የለም።

እኔና ጓደኛዬ ያደግነው ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አሁን እሷ ቶሮንቶ ናት፤ እኔ እዚሁ ድሬዳዋ ነኝ። ስልክ መደዋወሉ አልሆነልንም። ሁለት ደቂቃ ጤና እንጠያየቃለን፣ አምስት ደቂቃ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፣ ከዚያ ዝም። ድሮ በረንዳ ላይ ካርታ ስንጫወት ሰዓት ሙሉ ሳንነጋገር ብንቀመጥ ማናችንንም አይከብደንም ነበር፤ በስልክ ግን ዝምታ ያስጨንቃል። ስለዚህ እጃችንን የሚይዝልን ነገር ፈለግን።

መጀመሪያ ቼዝ ሞከርን። ሊቼስ የሚባለውን የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ የጀመረው ፈረንሳዊ ነው። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ለአንድ እርምጃ እስከ 14 ቀን ጊዜ መስጠት ይቻላል፤ መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ያሳርፋል የሚላችሁን ግን አትመኑ። ንግሥቴን ያስበላሁ ዕለት ስገላበጥ ነው ያደርኩት።

ከዚያ እሷ ስታርዲው ቫሊን አመጣች። አንድ ሰው፣ ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ፣ ብቻውን የሠራው የእርሻ ጨዋታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ወጣ፤ አብሮ መጫወት የተቻለው በ2018 ነው። 15 ዘር ተሰጥቷችሁ ትጀምራላችሁ፤ ትዘራላችሁ፣ ታጠጣላችሁ፣ ዓሣ ታጠምዳላችሁ፣ ዶሮ ታረባላችሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ዋጋው ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር ላይ 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው።

«ልግዛልሽ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ውጭ ያለ ሰው ስልኩ በጮኸ ቁጥር ገንዘብ ይጠየቃል፦ የአክስት የቤት ኪራይ፣ የጎረቤት ሕክምና፣ አይቶት የማያውቀው የአጎት ልጅ ሠርግ። ምንም የማልጠይቃት አንዲት ሰው ልሁንላት ብዬ ነው። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር።

የባንክ ካርዴ ላይ የዓለም አቀፍ ክፍያ ምልክት አለበት። ስቲም ላይ አስገባሁት፤ አልተቀበለውም። ባንክ ሄድኩ። ወጣቱ ሠራተኛ ካርዱን አገላብጦ አየና «ይሠራል እህቴ፣ ነገ ሞክሪው» አለኝ። ነገ ሞከርኩ። ከነገ ወዲያም ሞከርኩ። በአራተኛው ቀን ሌላ መስኮት ያለች ሠራተኛ፣ ከውጭ ለመግዛት ከሆነ ማመልከቻ መሙላት አለብሽ አለችኝ።

ማመልከቻው ላይ «የውጭ ምንዛሪው የተፈለገበት ዓላማ» የሚል መስመር አለ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ መስመር ላይ ነው። የ34 ዓመት ሴት፣ ያውም የሒሳብ ሠራተኛ፣ «ለጨዋታ» ብዬ ልጻፍ? ከኋላዬ የተሰለፉት ነጋዴ አንገታቸውን አስግገው እያዩ? «የእርሻ ሶፍትዌር» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነት ነው ለማለት ግን አፌን አልሞላም።

ሠራተኛዋ ስታነበው ፊቷ በራ። እርሻ ከሆነማ ብላ ወደ ሁለተኛ ፎቅ መራችኝ። እዚያ ያሉት ኃላፊ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከሚመለከተው ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤና የሻጩን ፕሮፎርማ ጠየቁኝ። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው «መሬቱ ስንት ሄክታር ነው?» አሉ።

«ገና አልተለካም» አልኩ።

ያን ጊዜ እውነቱን ተናግሬ ብወጣ ኖሮ በአራተኛው ቀን ባለቀ ነበር። እኔ ግን ተመለስኩ። በአምስተኛው ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በስድስተኛው ቀን የመጣሁት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በዚያ ሙቀት፣ ከተማው ሁሉ በርጫ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ሠራተኛ አገኛለሁ ብዬ መሄዴ የራሴ ጥፋት ነው። ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን ከደረጃው ሥር ወንበር ላይ አለፉ። በዘጠነኛው ቀን ገባሁ። ምን እንደማመርት ጠየቁኝ። አልቻልኩም፤ እርሻው ኮምፒውተር ውስጥ ነው አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እህቴ፣ መድኃኒት የሚያስመጣ ሰው ዶላር አጥቶ እዚሁ ወንበር ላይ ይውላል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ግን ያ ወጣት በመጀመሪያው ቀን «አይሠራም» ቢለኝ ምን ይጎዳው ነበር? እኛ አገር «አይቻልም» ማለት እንደ ነውር ይቆጠራል፤ «ነገ ሞክሪው» ማለት ግን ትሕትና ነው።

ማታ ለጓደኛዬ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «ሳልፈልግ ለስንቱ እሰጣለሁ፤ ፈልጌ ልስጥሽ ስል አንቺ እምቢ አልሽኝ» አለች። ከዚያ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨዋታው በስጦታ ደረሰኝ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አምስት ዶላር ያላወጣ የስቲም አካውንት የጓደኝነት ጥያቄ መላክ አይችልም፤ መቀበል ግን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ከእሷ በኩል ይምጣ።

የቀረው ቀላል ነው። እርሻው የሚቀመጠው በአንዳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሯ የሚሻለው ትክፈተው ይባላል፤ እኔ መብራቷ የማይጠፋው ትክፈተው እላለሁ። ጨዋታው የሚመዘገበው እዚያው ጨዋታው ውስጥ ሁለታችሁም ተኝታችሁ ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው። እኔ ከፍቼው በነበረ ጊዜ መብራት ሄዶ ስንት ጊዜ የዚያን ቀን ያጠጣነው ባዶ ቀርቷል። በቪዲዮ አታውሩ፤ ኢንተርኔቱን ይበላዋል፣ ድምፅ ይበቃል። ኮምፒውተሩን ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፣ በድሬ ሙቀት ይጋግራል። ሰዓትም አጣሩ፤ እሷ «በሦስት ሰዓት» ስትለኝ የፈረንጁ ይሁን የእኛ ሳናጣራ ሁለት ቅዳሜ ተላልፈናል። ልዩነቱ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ነው፤ ሰዓት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው።

ጨዋታው ውስጥ ሲዘንብ ማጠጣት አያስፈልግም፤ ቀኑ ዕረፍት ነው። መጀመሪያ የዘነበ ዕለት ሁለታችንም ወንዙ ዳር ቆመን ዝም አልን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በሌሊት፣ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ሲወስድ ልጆች ነበርን። በስልክ አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። «ያን ሌሊት እናትሽ ጣሪያ ላይ ያወጣችን ትዝ ይልሻል?» አለችኝ። ትዝ ይለኛል ብዬ መናገር ስጀምር መብራት ጠፋ።

በስልኬ መልእክት መጣ፦ «ዶሮዎቹን አስገብቼ ዘግቼባቸዋለሁ። መብራት ሲመጣ ከዚያው ቀጥይልኝ።»