ለወራት የምትቆም መኪና፦ ዝናቡን ለሸራ፣ አቧራውን ለጨርቅ

ሱሉልታ፣ ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ ለወራት የምትቆም ኮሮላ ለመሸፈን ስነሳ በመጀመሪያ የወሰንኩት ዝናቡንና አቧራውን በአንድ ሽፋን ላለመከላከል ነው። ውሃ ጨርሶ የማያስገባ ነገር እርጥበትም አያስወጣም። ከእንጦጦ ጀርባ ቀን ፀሐዩ ይከራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከመሬት የተነሳ እርጥበት ላስቲክ ሥር ይታፈንና ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ያድራል፤ ቀን ይተናል፣ መውጫ ስለሌለው ማታ ተመልሶ ይቀመጣል። ቀለሙን ውሃ የሚያስቋጥረውና የበሩን ግርጌ የሚያዝገው ከዝናቡ ይበልጥ ይህ ነው።

ስለዚህ ከላይ፣ መኪናዋን የማይነካ ሸራ በአጠና ላይ ወጠርኩ፤ ከሥሩ ደግሞ የሚተነፍስ ጨርቅ አለበስኳት።

ለጨርቁ የመረጥኩት ያልተሸመነውን ባለ ሦስት ድርብ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የጨርቅ መገበያያ ከረጢቶች የሚሠሩበት ዓይነት፣ ግን ወፍራሙ። ለቀለም ለስላሳ ነው፣ እንፋሎትም ያሳልፋል። ድክመቱ ፀሐይ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ እንደኛ ባለ ደጋ ይህ ጨርቅ ያለ ጥላ ከተሰጣ ይደርቅና እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ከላይ ሸራ ካለው ግን ይቆያል። ጥላ መሥራት የማይችል ሰው ብርማ ቀለም የተቀባውን ፖሊስተር ቢገዛ ይሻለዋል፤ ፀሐይ ይችላል፣ ነገር ግን ቅቡ እንፋሎት ስለሚይዝ በየሳምንቱ መግለጥ ግድ ነው። የአይሱዙ ሸራ በቀጥታ ቀለም ላይ ማልበስ ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ ከባድ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ላይ ይጣበቃል፣ ጠርዙም ይቧጭራል።

ሻጭ ሁሉ «ይተነፍሳል» ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ሽፋኑ የሚመጣበት ከረጢት የተሰፋው ከራሱ ጨርቅ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርጉና አፉን በከረጢቱ ሸፍኑት፤ ከላዩ ሌላ ደረቅ ብርጭቆ ድፉበት። የላይኛው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጉም ከያዘ ጨርቁ እንፋሎት ያሳልፋል። ካልያዘ ላስቲክ ነው።

መጠኑን በፊደል አትመኑ። ኤል ወይም ኤክስኤል የሚለው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ በሳንቲ ሜትር የተጻፈውን አንብቡ። መኪናዋ 4.4 ሜትር ስለሆነች ከዚያ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ይበቃል። የሰፋ ሽፋን በንፋስ ይርገበገባል፣ የተርገበገበ ጨርቅ ደግሞ በመሃል የገባችውን አቧራ ይዞ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ቪትዝ ያለው ሰው የኮሮላ ዓይነት ኋላ ኮፈን ላላት መኪና የተሰፋ እንዳይገዛ፤ ከኋላ ይነፋል።

መሬቱ ላይ ሰነፍ መሆን አይገባም። ሣሩን አጨድኩ፣ ወፍራም ላስቲክ አነጠፍኩ፣ በላዩ ጠጠር አለበስኩ። መኪናዋ በሳሙና ታጥባ በር በሩ ተከፍቶ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ደረቀች። እርጥብ መኪና መሸፈን ካለመሸፈን ይብሳል።

የላይኛው ጥላ 6 ቋሚ አጠና ነው፤ በአንድ ጎን 3 ባለ 3 ሜትር፣ በሌላው ጎን 3 ባለ 2.6 ሜትር። ሁሉም 60 ሳንቲ ሜትር ይቀበራሉ፣ የሚቀበረው ጫፍ ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። በወርድ 3 ሜትር፣ በርዝመት 5 ሜትር ተራርቀው ሲቆሙ 4 በ6 የሆነ ሸራ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ዝቅተኛው ጎን እንኳ ከመኪናዋ ጣሪያ 50 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ አየር የሚያልፈው በዚያ ነው። በተዳፋቱ አቅጣጫ 7 ማገር፣ በየ80 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ማገሩን ማሳሳት አያዋጣም፦ ሸራ ሲረግብ ውሃ ይቋጥራል፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ 50 ኪሎ ነው። በረዶ ሲጨመርበት ሸራውም አጠናውም መኪናዋ ላይ ይወርዳል።

ሸራውን በገመድ ብቻ ካሰራችሁት ድንገተኛ ንፋስ ቀለበቱን ይነቅለዋል። ከጎሚስታ የተጣለ የውስጥ ጎማ ለምኜ 3 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቀለበት ቀለበት አድርጌ ቆረጥኩ፤ በሸራው ቀለበትና በገመዱ መሃል አንድ አንድ ይገባል። ንፋስ ሲመጣ ጎማው ይለጠጥና ይመለሳል። ሚስማርና የአጠና ጉጥ ያለበትንም በዚሁ ጎማ ጠቀለልኩ፣ ሸራ የሚቀደደው ከዚያ ስለሆነ።

ጨርቁን ከማልበስ በፊት አንቴና ይፈታል፣ ስፖኪዮ ይታጠፍና በአሮጌ ቲሸርት ይጠቀለላል። ጠርዙን ዙሪያውን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ተውኩት፤ አየር ይገባል፣ ጨለማ የሚወድ አይጥም አይመቸውም። መታሰሪያው ሁለት ሰፊ ጠፍር ነው፦ አንዱ ከፊት ጎማ ኋላ፣ አንዱ ከኋላ ጎማ ፊት በሆዷ ሥር ያልፋል። ንፋስ የሚመጣበት ጎን ቀድሞ ይታሰራል። ቋጠሮና ዘለበት ቀለም ላይ አይረፍ። ፓራውልት ላይ ማሰር ይሰብረዋል፤ ጣሪያ ላይ ድንጋይ መጫንማ የብዙ ሰው ልማድ ነው፣ ጣሪያውን ግን ያጎደጉዳል።

አይጥ እንዳይገባ የማርሚታውን አፍና የአየር ማስገቢያውን በድስት መፋቂያ ሽቦ ደፈንኩ፣ እንዳይረሳም መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። የባትሪው ነጌቲቭ ተፈቷል፣ ጎማው እስከ 40 ፒኤስአይ ተነፍቷል፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ ጎማው በእንጨት ተደግፏል።

በየሁለት ሳምንቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እጄን ጨርቁ ሥር አስገብቼ መስታወቱን እዳስሳለሁ። በዚያ ሰዓት እርጥብ ከሆነ አየር አላለፈም ማለት ነው፤ ጠርዙን ከፍ አድርጌ ጠፍሩን አላላለሁ። ኮፈኑንም ከፍቼ የአይጥ ጭድ እፈልጋለሁ። ከጥቅምት በኋላ አቧራው ሲበረታ ጨርቁ ከመነሳቱ በፊት ይራገፋል፣ ከዚያ ከሁለቱ ጎን ወደ ጣሪያው መሃል ይታጠፍና ከፊት ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ መሬት ለመሬት የተጎተተ ጨርቅ ጠጠር ይዞ ይመለሳል።